ፔታህ ቲክቫ የተጠነሰሰው ኩፓት ሆሊም

ይህንን የምቀዳው ጋኔይ ቲክቫ ቤቴ ሆኜ ነው፤ የዛሬው ታሪካችንም የሚጀምረው እዚሁ ጎረቤት፣ ፔታህ ቲክቫ ነው።

1911 ላይ ባሩክ ፕሪቨር የሚባል ሠራተኛ ፍራፍሬ እርሻ ውስጥ ክንዱን አጣ። ጓደኞቹ ሲታመሙ የሚረዳዱበት ገንዘብ ማዋጣት ጀመሩ፤ ዛሬ ክላሊት የምንለው ከዚያ ወጣ። ዕድር በሉት! የኛ ለቀብር፣ የነሱ ለሕመም።

ችግሩ የመጣው ኋላ ነው። ሂስታድሩት 1920 ሲመሠረት ክላሊትን ጠቀለለው። ክላሊት መታከም የፈለገ ሰው የሠራተኛ ማኅበሩ አባል መሆን ነበረበት። ከሚከፍለውም የተወሰነው ለሕክምና፣ የተወሰነው ለድርጅቱ። አባቴ በ1991 እንደመጣን ቀይ ፒንቃስ ተሰጠው። የሐኪም ቤት ካርድ መስሎት እኮ ነው ዓመታት የያዘው!

ክላሊት ዕዳ ውስጥ ተዘፈቀ፣ ትናንሾቹ ኩፖት ደግሞ ወጣትና ጤነኛውን መርጠው ይወስዱ ነበር። ከመቶ አምስት የሚሆነው ሕዝብ ምንም መድን አልነበረውም። በ1988 በዳኛ ሾሻና ኔታንያሁ የሚመራ ኮሚሽን ተቋቋመ፤ በ1990 ሕክምና በሕግ የሁሉም ነዋሪ መብት ይሁን አለ።

ከዚያማ ፖለቲካው ፈላ። የጤና ሚኒስትሩ ሐይም ራሞን ሕጉን ሲገፋ፣ የተቃወሙት የገዛ ፓርቲው የአቮዳ ሰዎች ነበሩ፤ ያ ገንዘብ የሥልጣናቸው ሥር ነበራ። በጥር 1994 ፓርቲው ስብሰባ ላይ ራሳቸውን ወደ ባሕር ዳር ወርውረው ከሚሞቱ ዓሣ ነባሪዎች ጋር አመሳሰላቸው። አልሰሙትም። ሥልጣኑን ለቀቀ፣ በግንቦት በራሱ ዝርዝር ተወዳድሮ ሂስታድሩትን አሸነፈ! እኔ ከንግግሩ ይልቅ ይህ እርምጃው ይገርመኛል። በሰኔ ክኔሴት ሕጉን አጸደቀ።

ከጥር 1 ቀን 1995 ጀምሮ ገንዘቡን የሚሰበስበው ቢቱዋህ ሌኡሚ ሆነ። አራቱም ኩፖት ሽማግሌ ነህ፣ ታመሃል ብለው ሰው መመለስ አይችሉም። ሂስታድሩትን ግን አባላቱ በብዛት ጥለውት ወጡ፤ ለሐኪም ብለው ኖሯል የገቡት።

ክርክሩ አላለቀም። አሠሪዎች የሚከፍሉት የጤና ግብር በ1997 ተሰረዘ፤ ጉድለቱ በመንግሥት በጀት ላይ ወደቀ፣ በየዓመቱም ያጨቃጭቃል። እስከዚያው ሻባን፣ ማለት ተጨማሪው መድን፣ እየሰፋ ሄደ። ለወላጆቻችሁ ሲሸጥላቸው አንድ ነገር ንገሯቸው፦ ሳል ብሪኡት ውስጥ ያለው ሕክምና ሻባን ባይኖራቸውም ይገባቸዋል።