ተአምርና ሣቅ በአማርኛ ድርሰት ውስጥ፤ ከፋቡላ እስከ ደርቶጋዳ

ከአያት ተነሥተው ለትምህርት ወደ መካከለኛው ከተማ በሚመላለሱ ጓደኞቻችን ዘንድ አንድ ክርክር ከተለመደ ቆይቷል። የክርክሩ ርእስ ዳግላስ አዳምስ ይበልጣል ወይስ ቴሪ ፕራቼት የሚል ነው። ሁለቱም እንግሊዛውያን ናቸው፤ ሁለቱም በዓለም የሌለውን ነገር ፈጥረው በዓለም ባለው ነገር ያስቃሉ። አዳምስ እ.ኤ.አ. በ1978 በራዲዮ ጀምሮ በ1979 መጽሐፍ ባደረገው ድርሰቱ የአንድ ሰው ቤት ለመንገድ ሥራ ሲፈርስ፣ በዚያው ዕለት ደግሞ ምድር በሞላዋ ለጠፈር መንገድ ስትፈርስ ያሳያል። ፕራቼት ከ1983 ጀምሮ በጻፋቸው 41 ልብ ወለዶች ውስጥ አራት ዝሆኖች የተሸከሟት፣ ዝሆኖቹም በኤሊ ጀርባ ላይ የቆሙባት ጠፍጣፋ ዓለም ፈጥሯል። አዳምስን የሚያስቀድሙት የፈጠራውን ስፋት ይጠቅሳሉ፤ ፕራቼትን የሚያስቀድሙት የሰውን ጠባይ ማወቁን ያነሣሉ። (የጎረቤቱ ቤት ለመንገድ ሲፈርስ ያየ የአዲስ አበባ ልጅ አዳምስን ሲያነብ ከለንደኑ አንባቢ ይልቅ የሚስቅበት ምክንያት አለው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።)

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ግን በሁለቱ እንግሊዛውያን መካከል ለመፍረድ አይደለም። ክርክሩ ሲጦፍ ከመካከላችን አንዱ «የኛስ ማነው?» ብሎ የጠየቀውን ጥያቄ በታሪክ መንገድ ለመመርመር ነው። በአማርኛ ድርሰት ተአምርንና ሣቅን አንድ ላይ ያገናኘ ማነው? ያገናኙትስ ምን ገጠማቸው?

ተአምሩ በአገራችን እጅግ የቆየ ነው። በ14ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በአክሱሙ ንቡረ እድ ይስሐቅ እጅ በግእዝ የተዘጋጀው ክብረ ነገሥት፣ ንጉሥ ሰሎሞን ለንግሥተ ሳባ ከሰጣት ገጸ በረከት መካከል በአየር ላይ የሚሄድ መርከብ እንደ ነበረ ይነግረናል። ልጇ ምኒልክ ታቦተ ጽዮንን ይዞ ሲመለስም ሠረገሎቹ ከመሬት ከፍ ብለው ይጓዙ ነበር። በግእዙ ዜና እስክንድር ደግሞ ጀግናው በንስር ላይ ሆኖ ወደ ሰማይ ይወጣል፤ በመስተዋት ሣጥን ውስጥ ገብቶም ወደ ባሕር ጥልቀት ይወርዳል። የዛሬው ተማሪ እነዚህን ቢያነብ አይሮፕላንና የባሕር ሰርጓጅ መርከብ ትዝ ይሉታል። ዳሩ ግን በእነዚህ መጻሕፍት አንባቢ አይስቅም። ተአምሩ የንጉሥን ክብርና የእግዚአብሔርን ኃይል ለማሳየት የተጻፈ ስለ ሆነ ሣቅ አይገባበትም።

ሣቁ የሚኖረው ሌላ ቤት ነበር። እሱ በምድጃ ዙሪያ በሚነገረው ተረት፣ በቅኔው ሰምና ወርቅ፣ በአለቃ ገብረ ሐና ስም በሚነገሩት ጨዋታዎች ውስጥ ይገኛል። ጦጣ ዳኛ ስትሆን፣ ጅብ ምስክር ሲጠራ፣ አንበሳ ግብር ሲያገባ ሰሚው ማን ማን እንደ ሆነ ያውቃል፤ ተናጋሪው ደግሞ «እኔ ስለ ጅብ ነው ያወራሁት» የሚልበት ቀዳዳ አለው። እንግዲህ ተአምር በብራና ላይ፣ ሣቅ በአፍ ላይ ለየብቻቸው ሲኖሩ ቆዩ ማለት ነው። በዐፄ ምኒልክ ዘመን ሲኒማ አዲስ አበባ ሲገባ ሕዝቡ የሚታይበትን ቤት «የሰይጣን ቤት» ብሎ ጠራው። ስሙ ዛሬ ያስቀናል። ለጠሪዎቹ ግን አዲሱ መሣሪያ ከተአምር ወገን ስለ ሆነ የሚፈራ እንጂ የሚሣቅበት አልነበረም።

ሁለቱን በአደባባይ ያገናኙት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው። እኒህ ሰው ከዐድዋ ጦርነት በኋላ በልጅነታቸው ወደ ሩሲያ ተወስደው የመድፈኛ ትምህርት የተማሩ፣ በኋላም በ1923 ዓ.ም. የወጣውን የመጀመሪያውን ሕገ መንግሥት ያረቀቁ፣ በጄኔቭ የመንግሥታት ማኅበር ፊት ስለ አገራቸው የተከራከሩ ናቸው። በ1913 ዓ.ም. ገደማ ግን «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮመዲያ» የተባለውን ትያትር ደርሰው በአዲስ አበባ መኳንንትና ሹማምንት በተሰበሰቡበት አሳዩ። የፈረንሳዩን የላ ፎንቴንን ተረቶች መሠረት አድርገው አውሬዎችን በመድረክ ላይ አናገሩ። አውሬዎቹም ስለ መጥፎ አስተዳደር፣ ስለ ጉቦና ስለ ኋላ ቀርነት ተናገሩ።

እዚህ ላይ ጥቂት መቆየት ያስፈልጋል። ይህ ድርሰት በተረት ላይ የጨመረው ነገር ምንድን ነው ቢባል፣ አውሬው ሥጋ ለብሶ ተመልካቹ ፊት መቆሙ ነው እላለሁ። ተረት በጨለማ ይነገራል፤ ተናጋሪው ዘመድ ነው፤ ሰሚውም ጥቂት ነው። በመድረክ ላይ ግን አውሬው ሲናገር የሚመለከተው ሹም ከጎኑ የተቀመጠውን ሹም ፊት ማየት ይችላል። ጎረቤቱ በምን እንደ ሣቀ ያያል፤ መቼ ሣቁን እንዳቋረጠም ያያል። ስለዚህ «ስለ ጅብ ነው ያወራሁት» የሚለው ቀዳዳ ተዘጋ። ትያትሩ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታገደ። በአማርኛ የመጀመሪያው ዘመናዊ ትያትር የመጀመሪያው የታገደ ትያትር መሆኑ ለታሪክ ተማሪ ትንሽ ነገር አይደለም። የመድረክ ሥራም ንግሥቲቱ በ1922 ዓ.ም. እስካረፉ ድረስ ወደ ኋላ ቀረ።

ከዚያ በኋላ የመጡት ታላላቅ ጸሐፊዎች በዚህ መንገድ አልሄዱም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1915 ዓ.ም. ባሳተሙት «ወዳጄ ልቤ» በምሳሌ ጽፈዋል፤ ምሳሌው ግን ለምክር እንጂ ለሣቅ አይደለም። በ1925 ዓ.ም. የወጣው «አዲስ ዓለም» ፓሪስ ተምሮ የተመለሰውን ወጣት ከዘመዶቹ ጋር ስለ ተዝካር ሲያጋጨው ፈገግ ያሰኛል፤ ነገር ግን ሁሉ በእውነተኛው ዓለም ውስጥ ነው።

ቀጥሎ ያለው ምዕራፍ ባልተጠበቀ በር ገባ። የብላቴን ጌታ ኅሩይ ልጅ አቶ ሲራክ ኅሩይ እንግሊዛዊው ሳሙኤል ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1759 ያሳተመውን የራሴላስን ታሪክ በ1939 ዓ.ም. ወደ አማርኛ መለሱት። ጆንሰን ኢትዮጵያን አይቶ አያውቅም፤ ነገር ግን በ1735 የየሱሳዊውን የጀሮኒሞ ሎቦን የጉዞ መጽሐፍ ተርጉሞ ስለ ነበር የታሪኩን መነሻ በኢትዮጵያ ተራሮች መካከል አደረገው። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ አንድ ብልኅ ሠራተኛ ክንፍ ሠርቶ ለመብረር ይነሣል። ለልዑሉም ስለ አየርና ስለ ክብደት ረጅም ትምህርት ይሰጣል። አንድ ዓመት ሙሉ ለፍቶ ክንፉን ይጨርስና ከገደል ላይ ሲዘል ወዲያው ሐይቅ ውስጥ ይወድቃል። በአየር ላይ ያልረባው ክንፍ በውኃ ላይ እንዲንሳፈፍ ይረዳዋል፤ ልዑሉም ከፍርሃት የተነሣ ሊሞት የደረሰውን ሰው ጎትቶ ያወጣዋል።

እንደ እኔ አስተያየት ይህ በአማርኛ ከተነበቡት የሳይንስ ቀልዶች ሁሉ ቀዳሚውና ምናልባትም ምርጡ ነው። ከቀልዱ በፊት ግን ሠራተኛው አንድ ነገር ይለምናል፤ ጥበቡ ለሌላ ሰው እንዳይገለጥ። ክፉዎች በሰማይ መጥተው የሚወርሩ ከሆነ ደጎች ምን መከላከያ ይኖራቸዋል ብሎ ይሠጋል። ጆንሰን ይህን ሲጽፍ በሰማይ የሚሄድ ሰው አልነበረም። ትርጉሙ በአዲስ አበባ ሲነበብ ግን የኢጣልያ አይሮፕላኖች በ1928 ዓ.ም. በሠራዊቱና በገበሬው ላይ የመርዝ ጋዝ ከረጩ ገና 11 ዓመት መሆኑ ነበር። ያንኑ ገጽ የእንግሊዝ ተማሪ እንደ ፍልስፍና ጨዋታ ያነበዋል፤ የኛ አንባቢ የሞቱ ዘመዶቹን እያሰበ ያነበዋል። የፈጠራ ድርሰትን ማወዳደር የሚያስቸግረው ለዚህ ነው። አንዱ መጽሐፍ በሁለት አገር ሁለት መጽሐፍ ይሆናል።

በዚያው መጽሐፍ መጨረሻ አካባቢ ፀሐይንና ዝናምን እኔ ነኝ የማዝዘው ብሎ የሚያምን አንድ የከዋክብት ተመራማሪ አለ። ታሪኩን የሰማችው የልዕልቲቱ ደንገጡር ከልቧ ትስቃለች፤ መምህሩ እምላክ ግን በሰው አእምሮ ሕመም መሣቅ ደግነትም ጥበብም እንዳይደለ ይነግራታል። ይህን ያነሣሁት ሣቅን የሚፈቅደውና የሚከለክለው ደራሲ አንድ ሰው መሆኑን ለማሳየት ነው። በፋቡላ ዘመን ሣቅን የከለከለው ደራሲው አልነበረም።

ሁለተኛው እገዳ በ1955 ዓ.ም. መጣ። አቶ አቤ ጉበኛ «አልወለድም» የተባለውን መጽሐፍ አሳተሙ። ገና በእናቱ ማኅፀን ያለ ፅንስ ወደዚህ ዓለም መምጣት አልፈልግም ብሎ ይከራከራል። የታኅሣሥ 1953ቱ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ከከሸፈ ገና ሁለት ዓመት ነበር፤ ፅንሱ ስለ ድኻ ኑሮና ስለ ግፍ የሚናገረውን ለመረዳት አንባቢ ፈቺ አላስፈለገውም። መጽሐፉ ታገደ። ደራሲውም በኋላ ወደ ኢሉባቡር ጎሬ ተግዘው ቆይተዋል።

ፋቡላንና አልወለድምን ስናወዳድር ብዙ ጓደኞቻችን አቤን ያስቀድማሉ። ምክንያታቸውን ስጠይቅ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚነግሩኝ ስለ እገዳው እንጂ ስለ ድርሰቱ አይደለም። እገዳ መጽሐፍን ታላቅ አያደርግም፤ የታገደ መጽሐፍ ሁሉ ጥሩ ቢሆን ኖሮ የሥነ ጽሑፍ መምህራን ሥራ በቀለለ ነበር። የአቤ ብልጫ ሌላ ነው። አውሬ በተረት ሲናገር ሁላችንም ለምደነዋል፤ ፅንስ ሲከራከር ግን ማንም አልሰማም ነበር። በተረትና በቅኔ ያልነበረ አዲስ ፍጡር ፈጥረዋል። ከዚህም በላይ ነገሩ አስቂኝ የሚሆነው ክርክሩ ፍጹም ምክንያታዊ በመሆኑ ነው፤ በአገራችን የሙግት ወግ ያደገ ሰው አንድ ያልተወለደ ከሳሽ እንዴት እንደሚረታ ማሰብ ብቻውን ያስቀዋል። ተክለ ሐዋርያት ደግሞ የሚበልጡት በድፍረቱ ቦታ ነው። አቤ የጻፉት ለብቻው ለሚያነብ ሰው ነው፤ ተክለ ሐዋርያት ግን የሚተቹት ሰዎች ተሰብስበው እያዩ ነው ያሳዩት።

የአቶ መንግሥቱ ለማ ኮሜዲዎች በሣቅ ረገድ ከሁሉም የተዋጣላቸው ናቸው፤ ነገር ግን ሰዎቻቸው በጋብቻና በዘር ጉዳይ የሚጨነቁ የኛው ጎረቤቶች ስለ ሆኑ በዚህ ጥናት ውስጥ አልገቡም።

ሦስተኛው ዘመን የሳይንስ ልብ ወለድ ዘመን ነው። አቶ ይስማዕከ ወርቁ በ2001 ዓ.ም. ያወጡት «ደርቶጋዳ» በአሜሪካ ያለውን ኢትዮጵያዊ የጠፈር ሊቅ ከጣና ገዳማት ምስጢር ጋር ያገናኛል። ደጋግሞም ታትሟል። በ1998 ዓ.ም. በአሜሪካ ያረፉትን የጠፈር መሐንዲስ ዶክተር ቅጣው እጅጉን የሚያስታውስ አንባቢ ማንን እያሰበ እንደሚያነብ ግልጽ ነው። እዚህ መጽሐፍ ውስጥ የክብረ ነገሥቱ የአየር መርከብ ተመልሶ መጥቷል፤ ከነክብሩም መጥቷል። ሣቁ ግን አልመጣም። የመጽሐፉ ወዳጆች ይህን እንደ ጉድለት አይቆጥሩትም፤ እኔ ግን እቆጥረዋለሁ። ምክንያቱንም ከላይ ካየነው ታሪክ የማገኘው ይመስለኛል። ተአምርና ሣቅ ሁለት ጊዜ በአንድ ቤት አደሩ፤ ሁለት ጊዜም በሩ ተዘጋባቸው። ወራሹ ደራሲ ተአምሩን ብቻ ይዞ ቢወጣ አይገርምም።

ከአያት ወደ ሰሜን ምዕራብ ሲታይ የእንጦጦ ተራራ ሰንሰለት ይታያል። በዚያ ተራራ ላይ፣ ከባሕር ወለል 3200 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ፣ ባለ አንድ ሜትር መስተዋት ሁለት ቴሌስኮፖች ተተክለዋል። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና የተወነጨፈችው፣ 70 ኪሎ ያህል የምትመዝነው የመጀመሪያዋ የኢትዮጵያ ሳተላይትም መቈጣጠሪያዋ የተሠራው እዚያው ነው። ስለ ጆንሰን የከዋክብት ተመራማሪ በሰማንበት ሰዓት ጓደኞቼ አንገታቸውን ወደዚያው ተራራ አቀኑ። ወዲያው አንደኛው የዘንድሮውን ዝናም ያዘዘው ማን እንደ ሆነ ጠየቀ፤ ሌላው ማመልከቻ በሦስት ቅጂ መግባት አለበት ብሎ መለሰለት፤ ስለ አዳምስና ስለ ፕራቼት የተጀመረው ክርክርም በዚያ ቀን ሳይቀጥል ቀረ።