የሕፃናት የወተት ጥርስና ግግ የማውጣት ልማድ

(በራዲዮ ከተሰጠ ንግግር የተወሰደ)



የሰቆጣን ስም በታሪክ የሚያስጠራው ነገር ብዙ ነው። የዋግ ሹሞች መቀመጫ ነበረች፤ የአሞሌ ጨው ከአፋር በረሓ እየተጫነ ወደ ደጋው ሲወጣ ከሚራገፍባቸው ታላላቅ ገበያዎችም አንዲቱ ነበረች። በሐምሌ 2007 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት ከ2 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት በምግብ ጉድለት እንዳይቀነጭሩ፣ ይህንንም እስከ 2022 ዓ.ም. ከፍጻሜ ለማድረስ የገባው ቃል «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ተብሎ በስሟ ተጠርቷል።

ቃል ኪዳኑ የሚጠብቀው ይህ የ2 ዓመት ዕድሜ የወተት ጥርስ የሚበቅልበትም ጊዜ ነው። ስለዚህ በዛሬው ንግግራችን በዚሁ ዕድሜ በሕፃናት ድድ ላይ ስለሚፈጸመው፣ በሰሜኑ ደጋ አገራችንና በሌላውም ስፍራ ስለኖረው፣ ግግ ስለማውጣት ልማድ እናወሳለን።

የወተት ጥርሶች ቍጥራቸው 20 ነው። የመጀመሪያዎቹ በ6ኛው ወር ገደማ ብቅ ይላሉ፤ የመጨረሻዎቹም እስከ 2 ዓመት ተኩል ወጥተው ያልቃሉ። በዚያው በ6ኛው ወር ሕፃኑ ከጡት ሌላ ምግብ መቅመስ ይጀምራል፤ ይድሃል፤ ያገኘውንም ሁሉ ወደ አፉ ይጨምራል። ከእድፍ ጋር የሚገባው ተሕዋስ ተቅማጥና ትኩሳት ያመጣበታል። ይህ ሲሆን ገና ያልወጣው የክራንቻ ጥርስ ድዱን አሳብጦ ነጣ ብሎ ይታያል። እናት ሁለቱን ባንድ ጊዜ ስታይ አንዱ የሌላው ምክንያት መሰላት፤ ነጩም ነገር ትል ነው ተባለ። ዐዋቂ የተባለው ሰው ድዱን በስለት ቀዶ ያልበሰለውን ጥርስ ፈልፍሎ ያወጣል።

ትል ጥርስን ያሳምማል የሚለው እምነት ግን የእኛ ብቻ አልነበረም። በጥንታውያን ባቢሎናውያን ጽሑፍ ይገኛል። በአውሮፓም ጥርሱን የታመመ ሰው ትሉ እንዲወጣለት የመርዛም ተክል ፍሬ ጢስ ይታጠን ነበር፤ በአገራችንም የአስተናግር ፍሬ ለዚሁ ሲታጠንበት ኖሯል። ፈረንሳዊው የጥርስ ሐኪም ፒየር ፎሻር በ1728 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ፣ ትሉን በማጉያ መነጽር ፈልጎ አለማግኘቱን ገለጠ። እንግዲህ እናቶቻችን የሚወቀሱበት ምክንያት የለም፤ ልጃቸውን ለማዳን እንጂ ለመጉዳት አላሰቡምና።

ጉዳቱ ግን እውነተኛ ነው። ከስለቱ ደም መፍሰስና የቁስል መመረዝ፣ መንጋጋ ቆልፍም ሊከተል ይችላል። አፉ የቆሰለ ሕፃን ጡት መሳብ ስለሚያቅተው በተቅማጥ የደከመው ሰውነቱ ይብስ ይደርቃል። ከዚህም በላይ ከወተቱ ጥርስ ሥር የቋሚው ጥርስ ዘር አለ። በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. ብዙ ቤተ እስራኤላውያን ከኢትዮጵያ ወደ እስራኤል ከሄዱ በኋላ፣ በዚያ ያሉ ሐኪሞች የልጆቻቸውን ጥርስ መርምረው ውጤቱን በ1994 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል። የብዙዎቹ ልጆች የወተት ክራንቻ ጎድሎ፣ በአንዳንዶቹም ላይ የቀሩት ጥርሶች አበቃቀል ተበላሽቶ ተገኝቷል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም ከአንቀጽ 561 ጀምሮ እንጥል መቁረጥንና የወተት ጥርስ ማውጣትን ሕፃናትን ከሚጎዱ የሚያስቀጡ ልማዶች ጋር ቆጥሯቸዋል።

ታዲያ ለተቅማጡ መድኃኒቱ ምንድን ነው? በ1963 ዓ.ም. ከምሥራቅ ፓኪስታን ጦርነት ሸሽተው ወደ ሕንድ የገቡ ስደተኞች በኮሌራ ሲያልቁ፣ ሐኪሞች ጨውና ስኳር በልክ በውኃ በጥብጠው በማጠጣት ብዙ ነፍስ አዳኑ። በተቅማጥ የሚሞት ሕፃን የሚሞተው ውኃና ጨው ከሰውነቱ ስለሚያልቅበት ነውና። ያ የሰቆጣ ነጋዴ እንደ ገንዘብ ይቆጥረው የነበረው ጨው፣ በልክ ሲሰጥ፣ ከስለት ይልቅ ለሕፃኑ ሕይወት ይበጃል። ዛሬ «ሕይወት አድን ንጥረ ነገር» በሚል ስም በየጤና ኬላው በእሽግ ይሰጣል፤ በግምት የሚበጠበጥ ግን አይደለም።

ከአባቶቻችን የወረስነው ሁሉ የሚጣል እንዳይመስለን። የወይራና የልምጭ መፋቂያ የአፍን ንጽሕና የሚጠብቅ ያማረ ቅርስ ነው። ነገር ግን የወንጂ ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ስኳር በየቤቱ እየበዛ ሄዷልና፣ መፋቂያውን አዘውትሮ መያዝ፣ ሲገኝም በብሩሽና ፍሎራይድ ባለው ሳሙና ማጽዳት ያስፈልጋል። ለሕፃኑም ድዱን በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ ማበስ ይበቃል።

እንግዲህ እናንት ወላጆች፤ ሕፃኑ ባስቀመጠውና ባተኮሰው ጊዜ ጡቱን አታቋርጡበት፤ ንጥረ ነገሩን አጠጡት፤ ወደ ጤና ኬላ ፈጥናችሁ ውሰዱት። ጥርሱን ግን ተዉለት፤ በጊዜው ይወጣል፣ በጊዜውም ይወልቃል።