የቤኒሻንጉልን ታሪክ ከቀዳሚ ምንጮች ማንበብ

በአሶሳ የሚያስተምር መምህር ወይም ኢማም የአገሩን የ19ኛው ክፍለ ዘመን ታሪክ ከመጀመሪያው ምንጭ ለማንበብ ዛሬ ወደ ፓሪስ ወይም ወደ ካርቱም መጓዝ አያስፈልገውም። ብዙዎቹ ጽሑፎች በኢንተርኔት ያለ ክፍያ ይነበባሉ። ሆኖም ሰነዱን ማግኘት አንድ ነገር፣ ምስክርነቱን መመዘን ሌላ ነገር ነው። እዚህ ላይ የሐዲስ ሊቃውንት ያወረሱን ሚዛን ይጠቅመናል፤ ማን ተናገረ? ከማን ሰማ? ቃሉስ በራሱ ይጸናልን?

የመጀመሪያዎቹ ምንጮች የተጓዦች መጻሕፍት ናቸው። ፈረንሳዊው ፍሬዴሪክ ካዮ እ.ኤ.አ. በ1821 እና በ1822 የኢስማዒል ፓሻን ጦር ተከትሎ በፋዞግሊ በኩል እስከ በርታ ምድር ዘለቀ። መጽሐፉ የፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት በከፈተው ጋሊካ በተባለው ድረ ገጽ ይገኛል። ጦሩ የመጣው ወርቅና ባሪያ ፍለጋ ነበር። ስለዚህ ጸሐፊው ስለ ጉዞው መስመርና ስለ ወርቁ ያየውን ሲነግረን የዓይን ምስክር ነው፤ ስለ ሕዝቡ እምነትና ጠባይ ሲፈርድ ግን ከወራሪ ጋር የመጣ እንግዳ መሆኑን አንዘነጋም።

ሁለተኛው ዓይነት የመንግሥታት ውል ነው። ራስ መኰንን አካባቢውን ለዳግማዊ አፄ ምኒልክ ካስገበሩ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ግንቦት 15 ቀን 1902 በአዲስ አበባ የተፈረመው ውል የኢትዮጵያንና የሱዳንን ወሰን ወሰነ። ውሉ በአማርኛና በእንግሊዝኛ የተጻፈ ሲሆን ሁለቱም ጽሑፎች የጸኑ ናቸው። የእንግሊዝኛው ቃል ኤድዋርድ ኸርትስሌት ባሰባሰበው የአፍሪካ ውሎች መድበል ይነበባል። የወሰኑ መስመር በጥንቃቄ ተዘርዝሯል፤ በመስመሩ ግራና ቀኝ ስለቀሩት የበርታ ዘመዳሞች ግን ቃል የለም።

ሦስተኛው የሹማምንት መዝገብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1957 የተቋቋመው የዱራም ዩኒቨርሲቲ የሱዳን ቤተ መዛግብት በሱዳን ያገለገሉ እንግሊዛውያንን ወረቀቶች ይዟል፤ ማውጫውም በነፃ ይታያል። እነዚህ ሹማምንት ሼህ ሆጀሌ አልሐሰንን የተመለከቱት ከወሰን ጥበቃና ከባሪያ ንግድ አንጻር ነው። የባሪያ ፍንገላው እውነት ስለሆነ ልንሸፍነው አይገባም፤ የተፈነገሉት ሰዎች ልጆችም በክፍላችን ተቀምጠው ይማራሉ። ነገር ግን የአንድን አገር ሕይወት በሙሉ ከአንድ የክስ መዝገብ መጻፍም ፍትሕ አይደለም።

እነዚህ ሦስቱም ምንጮች ከውጭ የተመለከቱ ናቸው። ከውስጥ የሚመሰክረው በቤተሰብ ሣጥን የተቀመጠ የዐረብኛ ደብዳቤ፣ የውል ወረቀት፣ በኪታብ ኅዳግ የሰፈረ ማስታወሻና የሽማግሌዎች ቃል ነው። ስለዚህ አንድ ገጽ ከኢንተርኔት ስናነብ አንድ ገጽ ከሰፈራችን እንመዝግብ፤ በባለቤቱ ፈቃድ ፎቶግራፍ እናንሣ፤ ወረቀቱ ከማን ለማን እንደተላለፈም አብረን እንጻፍ። ሰንሰለቱ ያልተጻፈ ወረቀት ለመጪው ተማሪ ግማሽ ምስክር ብቻ ነው።