«ዓሣ እርባታ» ማለት ምን ነውር አለው?

በየሥልጠናው ጽሑፍ «አኳካልቸር» የሚለው ቃል በፊደላችን ተጽፎ፣ አጠገቡም «የውኃ ግብርና» ተብሎ ተፈትቶ ማየት ያንገበግባል። ገበሬ የውኃ ግብርና ሲባል ወዲያው የሚያስበው መስኖን ነው።

«ዓሣ ልማት» የሚሉም አሉ። ይኸኛው ለጆሮ አይጎረብጥም፤ ጉዳቱ ግን ይብሳል። ሐይቅ ላይ መረብ መጣልንም፣ ኩሬ ቆፍሮ የዓሣ ጫጩት መጨመርንም ባንድ ስም ይጠቀልላቸዋል። ማስገር ግን ያለውን ማውጣት ነው። የጣና ነጭ ዓሣ በክረምት ሊራባ ወደ ገባር ወንዞች ሲወጣ መግቢያው ላይ መረብ ይጠብቀዋል፤ ቁጥሩን ክፉኛ ካመነመኑት ነገሮች አንዱም ይኸው ነው። የኩሬውና የሐይቁ ምርት «ልማት» ተብሎ አብሮ ከተደመረ ይህን ጉድለት ማን ያየዋል? የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ከውኃ እንስሳት ምርት 51 በመቶው ከእርባታ መገኘቱን፣ እርባታም ማስገርን ለመጀመሪያ ጊዜ መብለጡን ሊነግረን የቻለው ሁለቱን ለይቶ ስለቆጠረ ነው።

እኔ «እርባታ» እላለሁ። ሥሩ የግእዙ «ረብሐ» ነው፤ አተረፈ ማለት ነው። አማርኛ ግን ቃሉን ለሁለት ነገር አዋለው። ከብቱ ረባ ስንል ተዋልዶ በዛ ማለታችን ነው፤ የማይረባ ስንል ደግሞ የማይጠቅም። ዶሮ እርባታ፣ ንብ እርባታ ለምዶ ያደገ ሰው ዓሣ እርባታ ሲባል ባለቤት፣ መኖና ጥበቃ እንዳለ ያለ አስረጂ ይገባዋል።

የቃሉ ሁለት ትርጉም ኩሬው ውስጥ ይፋጠጣል። ቆሮሶ፣ በሌላ ስሙ ቲላፒያ፣ ገና ሳይፋፋ መራባት ይጀምራል። ኩሬው በጫጩት ይጨናነቃል፤ መኖው አይዳረስም፤ ሁሉም ቀጭጮ ይቀራል። ረባ፣ ግን አልረባም። ለዚህ ነው አርቢዎች ወንድ ወንዱን ብቻ የሚያስገቡት፣ ወይም የተረፈውን ጫጩት እንዲበላላቸው ጥቂት አምባዛ የሚጨምሩት። ከአፍሪካ በእርባታ ቀዳሚዋ ግብፅም በብዛት የምታረባው ይህንኑ ቆሮሶ ነው።

አኳካልቸር አልጌንም ይጨምራል፤ አልጌ ደግሞ አይረባም የሚል ይኖራል። እውነት ነው፣ አልጌ እንደ አትክልት ይለማል እንጂ አይረባም። እንግዲያው ዓሣውን እናርባ፣ አልጌውን እናልማ፤ «ልማት» የሚለው ቃልም ተገቢ ቦታውን የሚያገኘው እዚያ ነው።