የእናት ወገን ርስት

ሰንጋ ተራ ፎቁ የባንክ ሆኖ ስሙ ግን እስከ ዛሬ የበሬ ነው። በዚህ ሰፈር ስመላለስ፣ በሱማትራ ደሴት በስተ ምዕራብ የሚኖሩት ሚናንግካባዎች ስማቸውን ከጎሽ ማግኘታቸው ትዝ ይለኛል። አፈ ታሪካቸው እንደሚለው፣ ከጃቫ የመጣው ጦር ነገሩ በጎሽ ፍልሚያ ይቆረጥ ተብሎ ግዙፍ ጎሽ ባወጣ ጊዜ፣ እነርሱ ከጡት የተለየ ጥጃ አፍንጫው ላይ ስለት አስረው ለቀቁት፤ የተራበውም ጥጃ እናቱን ያገኘ መስሎት ከግዙፉ ሆድ ሥር ቢገባ ወግቶ ጣለው። ይህ ሕዝብ እስልምናን ከተቀበለ በኋላም ጥንታዊውን መሬትና ቤት ከእናት ለሴት ልጅ ያወርዳል፤ የሚያስተዳድረውም የእናት ወንድም ነው። ሕጉን ከጥጃው ጋራ ማዛመዴ ግን የእኔ ጨዋታ ነው።

በእኛ አገር በእናት ነገድ ከሚቆጥሩት መካከል በትግራይና በኤርትራ ወሰን ያሉት ኩናማዎች ይገኛሉ። የአማራው ሥርዓተ ርስት ግን ለእናትም ለአባትም ሳያደላ የኖረ ነው። በጎጃም፣ መሬቱን መጀመሪያ ካቀናው ከዋናው አባት የሚወርዱት ሁሉ፣ ወንድ ሴት ሳይባል፣ አጽመ ርስት ስላላቸው፣ ባላገሩ በአባቱ ወገን የሚያርሰው ቢጠብበው በእናቱ ወይም በአያቱ እናት በኩል ሐረገ ትውልዱን ቆጥሮ፣ ሽማግሌ አስመስክሮ፣ ከዋናው አባት በታች የሚቆጠረውን የምንዝር አባቱን መሬት ከሚጠብቀው ፈጅ ዘንድ ድርሻዬን ስጠኝ ብሎ ይሟገት ነበር። ባልም በሚስቱ ርስት ይቆም ነበር። ይህንንም ልማድ ያጸናው ሌላ ልማድ ነው፤ በሁለቱም ወገን ሰባት ቤት ሳይቆጠር ጋብቻ ስለማይፈቀድ፣ የእናቱን ዘር ያልተማረ ሰው ማንን እንዳያገባ፣ ከየትኛውስ ማሳ እንዲካፈል አያውቅም ነበር። ሴቲቱ በዚህ ሥርዓት እኩል ነበረች አልልም፤ እርፍ የጨበጠው ወንድ ነበረና፤ ነገር ግን ስሟ ከሐረጉ ቢጠፋ ማሳውም አብሮ ይጠፋ ነበር።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ርስትን ሻረው፤ ቆጠራው ግን ከአፍ አልወጣም። ባለፈው ሰሞን ከልደታ ፍርድ ቤት በር ላይ፣ ለቤት ክርክር የመጡ ጋቢ የለበሱ አንድ የጎጃም ሽማግሌ ትውልዳቸውን በጣታቸው አንጓ ሲቆጥሩልኝ፣ አባትና አያትን ፈጥነው አልፈው ከአያታቸው እናት ሲደርሱ አውራ ጣታቸው ቆመ። «እዚያ መሬት የገባነው በእሷ ነው» አሉኝ።