ያልተቆጠረችው እናት፤ ከእዣ እስከ ቡታጅራ የተደረገ የቤተሰብ ታሪክ ፍለጋ

የአንድን የገጠር ቤተሰብ ታሪክ ለማጥናት የሚነሣ ሰው በቅድሚያ የሚያገኘው ምንጭ የትውልድ ቆጠራ ነው። በአባቴ አገር በእዣም እንዲሁ ነው። በወልቂጤ በኩል አገና በደረስኩ ማግሥት አጎቴ ጀፎረው ላይ አቁመውኝ ሰባት አባቶችን ሳይደናቀፉ ቆጠሩልኝ። ጀፎረ በጉራጌ መንደር መካከል የሚዘረጋ፣ ቤቶች በግራና በቀኝ የሚሰለፉበት፣ ሠርጉም ለቅሶውም የሚከናወንበት ሰፊ የሣር መንገድ ነው። አጎቴ ስም በጠሩ ቁጥር በከዘራቸው ወደ አንድ አጥር ይጠቁሙ ነበር። ቃላቸውን መሬቱ ይመሰክርላቸው ነበር ማለት ይቻላል።

«የአያቴ እናትስ ማን ይባሉ ነበር?» ስል ጠየቅኋቸው።

«እሳቸው ከውጭ የመጡ ናቸው» ብለው ወደ ቆጠራቸው ተመለሱ።

መልሱ ስሕተት የለበትም። በጎሳ ውስጥ መጋባት ስለማይፈቀድ ሚስት ምንጊዜም ከውጭ ትመጣለች። በቸሃ ቆይቶ ያጠናው ዊልያም ሻክም እ.ኤ.አ. በ1966 ባሳተመው መጽሐፉ የጎሳውንና የመንደሩን አወቃቀር በስፋት ተንትኗል። እንግዲህ ቆጠራው በሥርዓቱ ምክንያት ከእያንዳንዱ ትውልድ ግማሹን ይተዋል ማለት ነው። ይህንን ለተማሪዎቼ ስንት ዓመት አስተምሬዋለሁ፤ በራሴ ቤት ሲገጥመኝ ግን ከበደኝ።

ፍንጩ የተገኘው አዲስ አበባ፣ አክስቴ ሣጥን ውስጥ ነው። አያቴ በልጅነታቸው አዲስ አበባ ገብተው በመርካቶ ንግድ የኖሩ፣ ስማቸውንም እዚያው የለወጡ ሰው ነበሩ። በሣጥኑ ውስጥ በአዲሱ ስማቸው የተቆረጠ አንድ የመዋጮ ደረሰኝ አገኘን። የገንዘቡ ልክ ደብዝዟል፤ የተቀባዩ ስም ግን ይነበባል፤ የዓለም ገና–ወላይታ ሶዶ መንገድ ሥራ ድርጅት ይላል። ይህ በ1950ዎቹ ዓ.ም. የተቋቋመው፣ ጄኔራል ወልደ ሥላሴ በረካ የመሩት ድርጅት ነው። ሰባት ቤት ጉራጌ በዚያው ዘመን ወደ እንድብር አካባቢ የሚገባ መንገድ ለመሥራት በራሱ ድርጅት ያዋጣ ነበር። የእዣው ሰው ታዲያ በቡታጅራ በኩል ለሚያልፈው መንገድ ለምን ከፈለ? ለአባቱ አገር አልነበረም። ወዳጅ አግባብቶት ሊሆን ይችላል ብዬ ነበር፤ አክስቴ ግን አያቴ ሲታመሙ «የእናቴ ወገኖች ከዘቢዳር ወዲያ ናቸው» ማለታቸውን አስታወሱ። ዘቢዳር ከቡታጅራ በላይ የሚታየው ተራራ ነው።

ወደ ቡታጅራ ወረድኩ። በዚህ አካባቢ ለቤተሰብ ታሪክ የሚሆን ብርቅ መዝገብ አለ። እ.ኤ.አ. በ1986 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ባለሙያዎች ከስዊድኑ ኡሜኦ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆነው ዘጠኝ የገጠርና አንድ የከተማ ቀበሌ መርጠው ቤት ለቤት ቆጠራ አካሄዱ፤ ከዚያም ልደትን፣ ሞትንና ፍልሰትን ለዓመታት ሲመዘግቡ ቆዩ። የተቋቋመው ለጤና ጥናት ነው። የእኔ ቅድመ አያት ግን ከጣሊያን ወረራ በፊት ሞተዋል፤ መዝገቡ ሊደርስላቸው አልቻለም።

የደረሰላቸው ሙሾ ነው። በአንድ የመስቃን መንደር ያገኘኋቸው አሮጊት እናታቸው አልቃሽ ነበሩ። «ተራራው ማዶ ተድራ የሞተች» ስትባል የተለቀሰውን ከእናታቸው ሰምተው ይዘውታል። ሲያዜሙት ቋንቋው አልገባኝም፤ አዲስ አበባ ያደግሁ ሰው ነኝና የልጅ ልጃቸው በአማርኛ ፈታልኝ። እዚህ ላይ ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም በቸሃኛ የጻፉት ልብ ወለድ ትዝ አለኝ፤ ዎልፍ ሌስላው ተርጉሞት እ.ኤ.አ. በ1964 ለዓለም የደረሰው በእንግሊዝኛ ነው። የእኔም ቅድመ አያት ወደ እኔ የመጡት በሌላ ቋንቋ ነው፤ በመንገድ የቀረ ነገር መኖሩ አያጠራጥርም።

ሙሾው የአባታቸውን ስም ይጠራል፤ ወንድማቸውን ከነፈረሱ ያወድሳል፤ የወለዱትን ወንድ ልጅና የገቡበትን የእዣ ቤት ያነሣል። ስማቸውን ግን አይጠራም። አሮጊቷን ስጠይቃቸው አንድ ስም ነገሩኝ። አጠገባቸው የተቀመጡት የአጎታቸው ልጅ ወዲያው «እሷማ ታናሿ ናት፤ የተዳረችው ሌላዋ ናት» ብለው ሌላ ስም ጠሩ። ቡናው ሦስተኛው እስኪወርድ ተከራከሩ፤ አልተግባቡም። ሁለቱንም ስሞች ጻፍኩ።

ለመስቀል እዣ ስመለስ የሰማሁትን ሁሉ ለአጎቴ ነገርኳቸው። ዝም ብለው አደመጡ። ከዚያ የቅድመ አያቴን አባትና ወንድም ስም ደግሜ እንድጠራላቸው ጠየቁኝና በራሳቸው ድምፅ ተለማመዱት፤ ዛሬ ሲቆጥሩ ያክሉታል። የእሳቸውን ስምስ ስላቸው ከዘራቸውን መሬት ላይ ተክለው፣

«ሁለቱ ሴቶች ይስማሙና ያን ጊዜ እጠራዋለሁ» አሉኝ።