ሰው በከተማው ሲጠራ፣ ከተማ በሰው ሲጠራ



በኪታቦቻችን ላይ የብዙ ዓሊሞች ስም የሚያበቃው በአገራቸው ስም ነው። ኢማሙል ቡኻሪ ከቡኻራ፣ ኢማሙ ቲርሚዚ ከቲርሚዝ ናቸው። የግብፁን የታሪክ ጸሐፊ ዐብዱረህማን አል-ጀበርቲን ስንጠራም አያቶቹ ከእኛው ምድር ይዘውት የሄዱትን ስም አብረን እንጠራለን። ይህ «ኒስባ» ይባላል። ሰው በከተማው ይታወቃል።

በመካከለኛው እስያ ኮሚኒስቶች ሥልጣን ሲይዙ ነገሩ ተገለበጠ፤ ከተማው በሰው ይጠራ ጀመር። እ.ኤ.አ. በ1926 የኪርጊዞች ፒሽፔክ «ፍሩንዜ» ተባለች። ሚኻኢል ፍሩንዜ የተወለደው በዚያው ከተማ ነው፤ ሆኖም በ1920 ቡኻራን በመድፍና በአውሮፕላን የደበደበው ጦር አዛዥም እሱ ነበር። በኪርጊዞች ጥንታዊ ቋንቋ የ«ፍ» ድምፅ ስለሌለ ሕዝቡ የገዛ ዋና ከተማውን ስም አስተካክሎ መጥራት ይቸግረው ነበር።

በታጂኪስታን ደግሞ ዱሻንቤ በ1929 «ስታሊናባድ» ሆነች። ዱሻንቤ ማለት ሰኞ ነው፤ ስሙ የመጣው በየሰኞው ከሚቆመው ገበያ ነው። በ1936 ኹጀንድ ተራዋ ደርሶ «ሌኒናባድ» ተባለች። ሌኒን ግን ኹጀንድን በእግሩ ረግጧት አያውቅም። ኹጀንድ በ1220 የጄንጊስ ኻንን ከበባ ያየች፣ በ994 በረይ ከተማ ግዙፍ የሰማይ መለኪያ የሠራውን የሥነ ፈለክ ሊቅ አቡ ማህሙድ አል-ኹጀንዲን ያፈራች ጥንታዊት ከተማ ናት።

ጉዳቱ የሰሌዳ መቀየር ብቻ አልነበረም። በዚያው ዘመን መስጂዶችና መድረሳዎች ተዘጉ። የዐረብኛው ፊደል በ1920ዎቹ መጨረሻ በላቲን፣ በ1940 ገደማ ደግሞ በሩሲያ ፊደል ተተካ። በሌኒናባድ የተወለደ ልጅ የአያቱን ኪታብ ማንበብ አይችልም፤ «አል-ኹጀንዲ» የሚለውን ስም ቢሰማም የየት አገር ሰው እንደሆነ የሚነግረው የከተማ ስም ካርታው ላይ የለም። ክሩ የተበጠሰው እዚህ ላይ ነው።

ስታሊናባድ 32 ዓመት ቆየች፤ ስታሊን ሞቶ በራሱ ፓርቲ ከተወገዘ በኋላ በ1961 ዱሻንቤ ወደ ሰኞዋ ተመለሰች። ፒሽፔክ በ1991 ቢሽኬክ ተባለች፤ ኹጀንድም ሶቪየት ኅብረት ሲፈርስ ስሟን አገኘች። በ2011 የሌኒን ሐውልት ከነበረበት ተነሥቶ በምትኩ የኢስማዒል ሳማኒ ሐውልት ቆመ። የቢሽኬክ አውሮፕላን ማረፊያ መለያ ግን ከዚያ በኋላም ለብዙ ዓመታት «ኤፍ አር ዩ» ነበር፤ ከፍሩንዜ የተረፈ።

ከዚህ የምንወስደው ትምህርት አለ። በትእዛዝ የተለጠፈ ስም ያዘዘው ሥልጣን ሲወድቅ አብሮ ወደቀ። ኹጀንድ ግን ከካርታ ብትፋቅም በሊቆቿ ስም ላይ ተጽፋ ኖራለች። እኛም አገር ሸይኾቻችን የሚጠሩባቸው፣ በየትኛውም ካርታ ላይ የሌሉ የቀደሙ መንደሮች ብዙ ናቸው። የሚያውቋቸው አባቶችና እናቶች በሕይወት እያሉ ጠይቀን እንጻፋቸው።

አላህ የዓሊሞቻችንን ፈለግ ከሚጠብቁት ያድርገን። ወላሁ አዕለም።